ጣውንቴ ስትግል

ጣውንት አለብኝ። የምትኖረው ኮሪደሩ ላይ ባለው ቁም ሳጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቼ ሥር ነው። ጥቁር ናት፣ ቁመቷ ከጉልበቴ አያልፍም፣ ቀንም ማታም ለብቻዋ ታጉረመርማለች። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሷን ነው። ጫማውን ሳያወልቅ የቁም ሳጥኑን በር ከፈት አድርጎ መዳፉን ጀርባዋ ላይ ያሳርፍና «ዛሬ ደህና ናት» ወይም «ዛሬ ግላለች» ይለኛል። እኔን ግን፣ ቀኑን ሙሉ መድኃኒት ቤት ቆሜ ውዬ የመጣሁትን፣ ወገብሽ እንዴት ዋለ ያለኝን ቀን አላስታውስም።

እሱ «ሰርቨር» ነው የሚላት። ሆዷ ውስጥ ያለው የአባቱ የዕድሜ ልክ ሥራ ነው። አባቱ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ነበሩ። የሰፈሩ ሰው «ጋሽ ካሜራ» እያለ ስለሚጠራቸው ትክክለኛ ስማቸውን ብዙ ሰው ያወቀው በቀብራቸው ቀን ነው። ሲሞቱ አንድ ክፍል ሙሉ ካሴት ትተው ሄዱ፤ የሰው ሙሽራ፣ የሰው ሚዜ፣ የሰው ጭፈራ። ባለቤቴ አንድ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግን ሰው ስለሆነ ካሴቶቹን አንድ በአንድ እያጫወተ ወደ ማሽኗ አስገባቸው። ድምፁን ዘግቶ ነበር የሚያስገባው፤ ሌላ ሥራ እየሠራ በሰው ጭፈራ ጆሮውን ማደንቆር አልፈለገም። ካሴቶቹ ሻግተው ስለነበር ሲጨርስ ተጣሉ። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ካሜራ ለቤተሰባቸው የተዉት ነገር ሁሉ ያለው እዚያ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ነው።

የባለቤቴ እናት፣ እኔ እማማ የምላቸው፣ ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ዐይናቸው ደክሟል። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፣ ቀለም ይገምታሉ፣ የሰው ፊት ግን አይለዩም። ሐኪሙም ከዚህ በላይ የሚደረግ ነገር የለም ብሏል። ክፍላቸው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከጋሽ ካሜራ ጋር ሆነው የገዙት አሮጌ ዕቃ ነው። ሪሞቱን በጣታቸው ስለሚያውቁት አዲስ ይገዛ የተባለ እንደሆነ «እሱን ስታወጡ እኔንም አብራችሁ አውጡኝ» ይላሉ። ማታ ማታ የባላቸውን ሠርጎች የሚከፍቱት በዚያ ነው።

ጭቅጭቁ ሁሉ የሚመጣው ቴሌቪዥኑና ጣውንቴ ስለማይግባቡ ነው። ቪዲዮዎቹ የተቀመጡበትን ዓይነት አሮጌው ቴሌቪዥን አያውቀውም። ስለዚህ እማማ አንድ ሠርግ በከፈቱ ቁጥር ማሽኗ እዚያው በዚያው ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው እየቀየረች ትልክለታለች።

«አስተርጓሚ በያት» አለኝ ባለቤቴ ሲያስረዳኝ። «ተናጋሪው እፎይ ሳይል እየሰማች ትተረጉማለች። ጭንቅላቷ ቢግል ይፈረድባታል?»

ጭንቅላቷ ፕሮሰሰር የሚባለው ነው። ሙቀቱ ወደ መቶ ዲግሪ ሲጠጋ፣ እንዳትቃጠል ብላ፣ ድርግም ትላለች። መልካም ፀባይ ነው። እኔም በጋልኩ ቁጥር ድርግም ማለት ቢፈቀድልኝ ኖሮ ይህ ቤት እስካሁን ጨለማ ነበር።

ድርግም ስትል የምነሳው ደግሞ እኔ ነኝ። ባለቤቴ ከቢሮ ወጥቶ የሰው ኮምፒውተር እየዞረ ሲጠግን ያመሻል። እማማ ከክፍላቸው «ልጄ፣ ሄዱብኝ» ሲሉ እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ከሆነ አወጣለሁ፣ አፌ ላይ ጉርሻ ካለ እየዋጥኩ እነሳለሁ። ቁም ሳጥኑን እከፍታለሁ፣ በካርቶን ቁራጭ አራግባለሁ፣ እስክትቀዘቅዝ ጠብቄ ቁልፏን እጫናለሁ። ከዚያ ሠርጉ እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምራል። እማማ ከመጀመሪያው መጀመሩን አይጠሉትም። እንዲያውም ይወዱታል።

የሚወዱበትን ምክንያት ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ጋሽ ካሜራ አንድ ልማድ ነበራቸው። ለሠርግ ከመውጣታቸው በፊት ካሜራውን ሳሎን ውስጥ ይሞክሩታል። ካሜራው ነጭን ነጭ ብሎ እንዲያውቅና ቀለም እንዳያምታታ ነጭ መሀረብ ፊቱ ላይ ይዘረጉለታል፤ ድምፅ መግባቱን ለማረጋገጥ ደግሞ ያወራሉ። ሌላው አንሺ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይላል። እሳቸው የሚያወሩት ግን ማድ ቤት ላሉት ሚስታቸው ነበር። «እመቤት፣ ይህን መሀረብ በምን አጠብሽው? የካሜራዬን ዐይን አጠፋሽው እኮ።» «እመቤት፣ የዛሬዋ ሙሽራ አንቺን ካላከለች ሳላነሳት ነው የምመለሰው።» «እመቤት፣ ኩርፊያው እስከ መቼ ነው? ልወቀውና እሱ ሲያልቅ ልምጣ።» ከዚያ መሀረቡ ይነሳና ሠርጉ ይቀጥላል።

ስለዚህ በእያንዳንዱ ሠርግ መጀመሪያ ላይ ምንም የማይታይበት ነጭ ነገር አለ፤ ከነጩ ጀርባ ጋሽ ካሜራ አሉ። ሲያነሱ የኖሩ ሰው ናቸውና እሳቸውን ያነሳቸው የለም። ድምፃቸው የሚገኘው እዚያ ብቻ ነው።

እማማ ሠርግ አይደለም የሚያዩት። ምኑን ያዩታል? አንድ ማታ ጉልበታቸውን ቅባት እያሸሁላቸው ሳለ ቴሌቪዥኑ ነጭ ሆነ፣ ሽማግሌው ስለ ኩርፊያ አወሩ፣ እማማም ወደ ነጩ ዞረው «አንተ ነህ ያኮረፍከው እንጂ! ዓይንህን ግንባር ያርገው!» አሉ። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸውም አፍረው ሳቁ። ሙሽራዋ ስትገባ ወዲያው ሪሞቱን ነክተው ወደ ሌላ ሠርግ ሄዱ። ሌላ ነጭ፣ ሌላ ወሬ፣ ሌላ መልስ። በየማታው እንዲህ ነበር ከባላቸው ጋር የሚያመሹት።

«ለልጄ እንዳትነግሪው» አሉኝ። «ጃጀች ብሎ ሐኪም ቤት ያመላልሰኛል።»

ሆድ ይፍጀው ብዬ ጉልበታቸውን ማሸቴን ቀጠልኩ።

በጋው ሲገባ ጣውንቴ ባሰባት። ባለቤቴ አንድ እሁድ ፈታታት። ከማራገቢያዋ ያወጣው አቧራ የሕፃን ትራስ ይሞላ ነበር። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው ብረት የሚያሻግር ግራጫ ቅባት አላት፤ የድሮው ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። በጥጥና በአልኮል እያባበለ ጠረገላት፣ አዲስ ቀባት።

«እግሬን እንዲህ ብትቀባልኝ ምናለበት?» አልኩት።

«አንቺ መቼ ጠፍተሽ ታውቂያለሽና። የምትጠፋው ናት የምትቀባው» አለኝ።

ሳልወድ ሳቅሁ። የባለቤቴ ክፉ ነገሩ ይሄ ነው፤ ልቆጣው አፌን ስከፍት ያስቀኛል።

ለጥቂት ቀን ተሻላት፣ ከዚያ ወደ አመሏ ተመለሰች። ከውጭ የሚነፋ ማራገቢያ ገዝቶ አቆመላት፤ ከእጅ አይሻል ዶማ ሆነ፣ ያንኑ የቁም ሳጥን ሙቅ አየር መልሶ መላልሶ ያገላብጠዋል። የቁም ሳጥኑን በር ነቅሎ አልጋ ሥር ከተተው። አንሶላዎቼና የውስጥ ልብሶቼ እንግዳ የሚያልፍበት ኮሪደር ላይ ተሰጡ። አሁንም ድርግም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ ምክንያቱን ደረስኩበት። ጣውንቴ በእማማ የሱፍ ሻርፕ እስከ አንገቷ ተጠቅልላ ተቀምጣለች።

እማማ ዕቃ ማልበስ ይወዳሉ። ሬዲዮው ልብስ አለው፣ ስልካቸው ልብስ አለው፣ የውሃ ጆጉ እንኳ ቆብ ተሠርቶለታል።

«በሯን ነቀላችሁባት፣ ትንቀጠቀጣለች፣ በርዷት ነው ብዬ ነው» አሉ።

«እማማ፣ እሷን የሚያማት ሙቀት ነው።»

«ታዲያ ትኩሳት የያዘው ሰው አይሸፈንም?»

መድኃኒት ቤት የምሠራ ሰው ብሆንም ስለ ትኩሳት እማማን አሸንፌ አላውቅም። ሻርፑን ገፍፌ አጣጠፍኩና ትከሻቸው ላይ አደረግኩላቸው።

ቀጥሎ ባለቤቴ የፕሮሰሰሩን ፍጥነት ቀነሰ። ቀስ ብላ ትሥራ፣ አትግልም አለ። አልጋለችም። ግን ለቴሌቪዥኑ መድረስ አቃታት፤ ሙሽራዋ አንድ ትራመዳለች፣ ትቆማለች፣ ታስባለች፣ እንደገና ትራመዳለች። ጋሽ ካሜራም «እመ... እመ... ቤት» ማለት ጀመሩ።

«መንተባተብ አያውቅም ነበር፣ ምን አድርጋችሁት ነው?» አሉ እማማ ተቆጥተው።

ባለቤቴ የሠርጉን አስተዋዋቂ የሚሉ መስሎት «ፍጥነት ቀንሼ ነው፣ እማዬ፣ እመልሰዋለሁ» አላቸው፤ መለሰውም። ጣውንቴም ወደ መጋሏ ተመለሰች።

አንድ ሳምንት መጨረሻ ላይ ግን እኔው ራሴ ጋልኩ። መድኃኒት ቤቱ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ ታማ የሁለት ሰው ሥራ ስሠራ ውያለሁ። ሰው ሁሉ ማዘዣውን ዘርግቶ ሕመሙን የሚተርከው ለእኔ ነው። ቤት ገብቼ ገና ከመቀመጤ «ልጄ፣ ሄዱብኝ»። ተነሳሁ። አራገብኩ። ተቀመጥኩ። «ልጄ፣ ሄዱብኝ»። ደግሞ ተነሳሁ። ባለቤቴ ሲገባ ካርቶኗን እንደያዝኩ ኮሪደር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት።

«ወይ እሷ ትወጣለች፣ ወይ እኔ እወጣለሁ» አልኩት። «ምረጥ።»

እሱም የደከመው ሰው ነው። ቦርሳውን መሬት ላይ አስቀምጦ ግድግዳ ተደገፈ። «አንድ መላ አለ» አለ። «አንዴ ሁሉንም ሠርግ ቴሌቪዥኑ ወደሚያውቀው ዓይነት ቀይሬ ባስቀምጠው በቃ፤ እናቴ ስትከፍተው የሚተረጎም ነገር የለም። ቅየራውን ማንም በማያይበት ሰዓት ፍጥነቷን ቀንሼ አሠራታለሁ፣ ብትዘገይም ግድ የለም፣ አትግልም።»

«ታዲያ እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?»

«ቦታ የላትም። የድሮውንና አዲሱን አንድ ላይ አትይዝም። አንዱ ተቀይሮ ሲያልቅ የድሮው እየተደመሰሰ ካልሆነ።»

«ይደምሰሳ!» አልኩት። «እኔ ከምደመሰስ እሱ ይደምሰስ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገረውን በተናገረው ቀን ጀመረው። ከዚያ ወዲያ ያለው ጊዜ፣ እውነቴን ነው፣ የዕረፍት ጊዜ ነበር። ጣውንቴ ሥራዋን ሌሊት ሌሊት፣ እማማ ተኝተው ሳለ፣ ቀስ እያለች ትሠራለች። ሙቀቷ ስድሳ ዲግሪ ላይ ረግቶ ተቀመጠ። ማታ እማማ ሠርግ ሲከፍቱ ድምጿ እንኳ አይሰማም። የቁም ሳጥኑ በር ተመልሶ ተገጠመ፣ ልብሶቼ ክብራቸው ተጠበቀ። እግሬን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክሬ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጬ አውቃለሁ። ባለቤቴንም አመሰገንኩት። ጠግቤ ተኛሁ።

እማማ አንድ ማታ «ዛሬ ሳይናገር ሄደ» አሉኝ። ድካሜ ገና ከላዬ አልወረደም ነበርና «ነገ ይናገራል፣ እማማ» ብያቸው መብራቱን አጠፋሁ። በሌላ ማታ ሪሞቱን ሲነኩ፣ ከሠርግ ሠርግ ሲሄዱ፣ ጭፈራ ብቻ ከክፍላቸው እየተቆራረጠ ሲወጣ ሰማሁ። ቆይተው ደግሞ ጨርሶ መክፈት ተዉ። ሪሞቱን ጭናቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ጥፍራቸውን ልቆርጥላቸው የገባሁ ጊዜ ነው የጠየቅኳቸው።

«ምነው እማማ፣ ሠርግ ቀረ?»

«ምንም» አሉ። ሪሞቱን በጣታቸው እየዳበሱ «አኩርፎኛል መሰለኝ» አሉ።

«ማን?»

«ማን ይኖራል? መጀመሪያ አልፎ አልፎ ነበር፣ አሁን ጭራሽ ዘጋኝ። ምን እንዳደረግኩት እንጃ።»

ሪሞቱን ከጭናቸው አንስቼ አንድ ሠርግ ከፈትኩ። ሙሽራዋ ደረጃ ስትወርድ ጀመረ። ነጭ የለም። ሌላ ከፈትኩ፤ መኪና ሲታጠብ ጀመረ። ሌላ፤ ጭፈራ መሀል። መቀሱን እንደያዝኩ ወደ ባለቤቴ ሄድኩ። ሳሎን ቁጭ ብሎ የሰው ኮምፒውተር ፈታትቶ ነበር።

«መሀረቡ የት ሄደ?» አልኩት።

«የምን መሀረብ?»

«የአባትህ። ሠርጉ ሲጀምር ያለው ነጭ።»

«እሱማ ተቆርጧል» አለ፣ ቀና ሳይል። «ፕሮግራሙ ራሱ ባዶውን እየለየ እንዲቆርጥ አደረግኩት። ስንት ሠርግ ነው፣ የሁሉንም ባዶ ደምሪው እስቲ። ማሽኗ ለባዶ ነገር ለምን ትጋል? ደግሞም እናቴ ነጭ ላይ አፍጥጣ ከምትጠብቅ።»

«ድምፁን ሰምተኸዋል?»

«ባዶ ምን ድምፅ አለው?»

ነገርኩት። ስለ መሀረቡ፣ ስለ ወሬው፣ እናቱ በየማታው እንዴት ይመልሱላቸው እንደነበር። ቆሽቴ አርሮ ነበር የጀመርኩት፤ ፊቱን ሳይ ግን መሀል ላይ ድምፄ ወረደ። መፍቻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከአባቱ ቀብር ወዲህ የአባቱን ድምፅ ሰምቶ አያውቅም። የትም እንደሌለ ነበር የሚያውቀው። ሲፈልገው የኖረ ነገር እጁ ላይ እንደነበረና በገዛ እጁ እንደቆረጠው በአንድ ጊዜ ሰማ።

«አባዬ... እዚያ ውስጥ ነበር?» አለኝ። ትልቅ ሰው ነው፣ እንደ ሕፃን ነው የጠየቀኝ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ማታዎች ማውራት አልፈልግም። የጠፋ ፋይል የሚያወጣ ፕሮግራም አለ አለና እሱን እየጫነ ጣውንቴን ጠዋት ማታ አስቆፈራት። እየጋለች ድርግም ትላለች፣ ያስነሳታል፣ ትግላለች። ስለ ሙቀቷ የሚጨነቅ ሰው ጠፋ። ግን በድሮው ቦታ ላይ አዲሱ ተጽፎበታል፤ የሚወጣው የተሰባበረ ነገር ነው፣ የሙሽራ ጫማ፣ የኬክ ጫፍ፣ ድምፅ የሌለው ሰው። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል። እኛ የሚለቀም እንኳ አጣን። ባለቤቴ የእናቱን ክፍል በር ማለፍ ፈራ፤ ከኮሪደሩ ሆኖ «ደህና አመሸሽ፣ እማዬ» ብሎ ይሸሻል። እማማ ደግሞ ልጃቸውም ያኮረፋቸው መሰላቸው።

አንድ ምሽት ለእማማ እራት ወስጄ «አልበላም ልጄ፣ መልሺው» አሉኝ። ትሪውን ይዤ ስወጣ ባለቤቴ ጣውንቴ ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጧል፣ ላፕቶፑ ጉልበቱ ላይ ነው። ትሪውን እንደያዝኩ አጠገቡ ቆምኩ። ማልቀስም መቆጣትም የሚችል ጉልበት አልነበረኝም። ዝም ብዬ የሆነ ነገር ለመናገር ያህል ጠየቅኩት።

«ሁሉንም ቀየርካቸው? አንድም የቀረ የለም?»

«የለም» አለ። ከዚያ ጣቱ ቆመ። «አንድ እምቢ ያለኝ አለ። መሀሉ ላይ ምስሉ የተበላሸ ነው፤ እዚያ ስትደርስ ፍጥነቷን ብቀንስም ትንጨረጨራለች፣ ሙቀቷ ይወጣና ድርግም ትላለች። ስሞክር ስሞክር መረረኝና ተውኩት።»

«የድሮውን ደመሰስከው?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አዲሱ ሳያልቅ የድሮው አይደመሰስም» አለ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየጣለ።

በየማታው ስረግመው የኖርኩት ሙቀት አንዱን ጠብቆ አስቀምጦልን ነበር።

ፈለገው፤ አለ። ሊከፍተው ሲል እጁን ያዝኩት። «መጀመሪያ እሳቸው» አልኩት።

«ነገ በደንብ ልቀይረው። የተበላሸውን ዘልዬ፣ መጀመሪያውን ለብቻው አውጥቼ። አሁን በቴሌቪዥኑ ከከፈትነው መተርጎም አለባት፤ ቀኑን ሙሉ ሳስቆፍራት ውያለሁ፣ ሰማንያ ሰባት ላይ ናት። መሀል ላይ ድርግም ብትልስ?»

«እሳቸው ነገን አይጠብቁም። እኔ አለሁ፣ አራግባታለሁ። ግባና ንገራቸው።»

በሩን እንደገና ነቀልነው። የማሽኗን ጎን ከፈተልኝ፣ ላፕቶፑን ዲግሪው እንዲታየኝ አድርጎ አጠገቤ አቆመው፣ ከዚያ ልብሱን አራግፎ ገባ። የእማማ ክፍል በር ክፍት ስለነበር ሁሉን እሰማለሁ።

«እማዬ» አለ። «አባዬ አላኮረፈሽም። እኔ ነኝ የቆረጥኩት። ባዶ መስሎኝ።»

እኔ ማራገቤን ረስቼ ነበር።

«ሁሉንም?» አሉ እማማ።

«አንድ ቀርቷል።»

አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ፤ ወደ ግድግዳው ጠጋ ብለው ቦታ ሲለቁለት ነው። «እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» አሉ። «ና ተቀመጥ። ክፈተው።»

ጣውንቴ ጮኸች። ማራገቢያዋ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ሰማንያ ዘጠኝ። በሁለት እጄ አራግባለሁ፣ ካርቶኗ ትታጠፋለች። ዘጠና ሁለት። ከውስጧ የሚወጣው አየር ፊቴን ለበለበው። «እህቴ» አልኳት፣ እውነቴን ነው፣ ጮክ ብዬ፣ «እህቴ፣ ትንሽ ብቻ ታገሺኝ።» ዘጠና አምስት።

ከክፍሉ የጨርቅ መንኮሻኮሽ ተሰማ። ሳል። ከዚያ እሳቸው።

«ድምፅ፣ ድምፅ። ገባ? ገብቷል። እመቤት! የዛሬዎቹ ሙሽሮች ሩቅ ናቸው፣ አምሽቼ ነው የምመጣው። ደግሞ እንደ ልማድሽ ሳትበዪ እንዳትጠብቂኝ። ሰማሽ? ብይና ተኚ።»

መሀረቡ ተነሳ መሰለኝ፣ የመኪና ጥሩንባና እልልታ ቤቱን ሞላው። ዘጠና ሰባት ሲል ጣውንቴ ድርግም አለች። ቤቱ ጸጥ አለ። «ሄዱብኝ» የሚል አልተሰማም።

ካርቶኗን ጥዬ ወደ በሩ ሄድኩ። ባለቤቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ይዟል። እማማ ቀና ብለው ወደ ጠፋው ቴሌቪዥን ያያሉ።

«ሁሌ እሺ እለውና እጠብቀው ነበር» አሉ፣ ለማን እንደሆነ አላውቅም። «አንድም ቀን ሳይመጣ በልቼ አላውቅም። ሲመጣ ይቆጣኝና አብረን እንበላ ነበር።» እጃቸውን ዘርግተው የልጃቸውን ራስ ፈልገው አገኙት። ዳበሱት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ እራቱ አለ?»

«አለ፣ እማማ። ቀዝቅዟል፣ ላሙቅልዎት።»

«ተይው፣ እንዳለ አምጪው። እስቲ ዛሬ እንኳ ልታዘዘው።»

ትሪውን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ልጃቸው አጠገባቸው ሆኖ እያለቀሰ፣ እሳቸው ጋሽ ካሜራን ሳይጠብቁ በሉ።